ክርኗን ያነሳችው ሴት

ጥቅምት 6

ውድ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? የደም ግፊቱስ እንዴት ይዞዎታል? ኪኒኑን «ዛሬ እኮ ደህና ነኝ» እያሉ እንደማይዘሉ ተስፋ አለኝ፤ የሰው ሐኪም ለራሱ ሰነፍ ነው የሚባለው ለእርስዎ የወጣ ይመስለኛል። እኔ ደህና ነኝ። መልሱን ያዘገየሁት ችላ ብዬ ሳይሆን ከየት እንደምጀምር ቸግሮኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

«በምን ትኖሪያለሽ? እንዳትደብቂኝ» ብለዋል። አልደብቅም። አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። ማሽኑ ያጥባል፤ እኔ አወጣለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሌሎቹ ሴቶች በዚህ ያማርራሉ። እኔ ሥራውን የወደድኩት ለዚሁ ነው። መስኮት ከሌለ በመስኮት የሚያይ የለም።

ሌላም ሥራ ሠርቻለሁ፤ ሳይቆጡ ያንብቡልኝ። ግድግዳ የምትጋራኝ ፀጉር ሠሪ አለች። ደብዳቤዎችዎ የሚደርሱኝ በእሷ ሱቅ በኩል ነው። አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ቂም አያውቅም። «አንቺ እኮ ዕድል ራሱ በርሽን ቢያንኳኳ ሁለተኛ ቁልፍ የምትጨምሪ ሴት ነሽ» ትለኛለች። ለምን እንደምቆልፍ ግማሹን ነግሬያታለሁ። ለፊልም ሠሪዎች ፀጉር ትሠራለች፤ ሰው ጎደለን ሲሏት እኔን እየጎተተች ወሰደችኝ።

አጃቢ ይሉናል። ዋናዎቹ ሲያወሩ ከኋላቸው የሚያልፍ፣ የሚቀመጥ፣ የሚያዛጋ ሰው መኖር አለበት አይደል? ያንን ሰው መሆን ነው። አስተባባሪውን መጀመሪያ የጠየቅሁት ክፍያውን ሳይሆን ፊቴ ይታይ እንደሆነ ነው። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ሌላው ፊቴን አሳዩልኝ ብሎ ነው የሚለምነኝ። አይዞሽ፣ ካሜራው ሩቅ ነው፤ ብዥ ያለ ነገር ነው የምትሆኚው» አለኝ። ብዥ ያለ ነገር መሆን ደስ አለኝ።

ባዶ መጋዘን ውስጥ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ሠርተዋል። ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል። አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረውን «ዘመዶቻችሁ ቀዶ ጥገና ክፍል ናቸው፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ» አሉን። ጠበቅን። እኔ እንኳ የማጠፈውን አንሶላ እያሰብኩ ነበር። ድንገት ዋናው ተዋናይ በሩን በርግዶ ገባና መልሶ ወረወረው። አዘጋጁ ሆን ብሎ ነው ያልነገረን፤ የምር እንድንደነግጥ ፈልጎ። ሌሎቹ ዞር አሉ። እኔ ክርኔን አነሳሁ። እርስዎ ያውቁታል፤ በግራ በኩል፣ ጆሮዬን ሸፍኜ፣ አገጬን ደረቴ ውስጥ ቀብሬ። ቀና ስል ሰው ሁሉ በሩን ያያል፤ አዘጋጁ እኔን ያያል።

«ድገሚልኝ» አለኝ። ካሜራውን አስጠግተው በሩን ደጋግመው ወረወሩት። አልመጣልኝም። እጄ የሰው እጅ ሆነብኝ። በመጨረሻ «ይበቃል» ብሎ ትቶኝ ሄደ። ስለዚህ ያቺን ቦታ ጥለዋታል ማለት ነው፤ አያስቡ። ከእንግዲህም አልሄድም።

ስልክ ብደውልልዎ ይሻል ይሆን? ድምፅዎ ናፍቆኛል።

ልጅዎ

*

ጥቅምት 25

ድንቢጤ፣

ጤና ይስጥልኝ። ግፊቴ ደህና ነበር፤ ደብዳቤሽን እስካነብ ድረስ። መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ አንብቤ ስጨርስ ፋርማሲስቷ ሳትጠየቅ ወንበር አመጣችልኝ። እንደ ሁልጊዜው ቀዳደን ጣልነው። ይህቺ ልጅ ባትኖር እኔና አንቺ ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ።

አትደውዪ። ስልኬን እራት ሲበላ እንደ ጋዜጣ ዘርግቶ ነው የሚያነበው። ማን ደወለ፣ ስንት ደቂቃ አወራሽ፣ ይሄ ቁጥር የማን ነው። እኔን እናቱን። ባልሽ ነው እንዳልል ጥለሽው ሄደሻል፤ ልጄ አይደለም እንዳልል ወልጄዋለሁ። አውቶቡስ ላይ ያሳፈርኩሽ እኔ መሆኔን ካወቀ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ።

በሆስፒታል በር እንዲያ አይወረወርም። ዕድሜዬን ሙሉ ማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ፤ በር የወረወረ ሰው አይቼ ብሆን ጆሮውን ይዤ ነበር የማስወጣው። ሞኞች ናቸው። አንቺም አንዳንዴ አታንሺም። ስለ ካሜራው ርቀት ጠየቅሽ፤ ፊልሙ የት የት እንደሚታይ ግን አልጠየቅሽም። እዚህ ያለውን የሲኒማ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ረሳሽው? አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር ሽቦውን ሊያይ ይገባና እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። ከተማው «እጁ ወርቅ ነው» ይለዋል። እጁን እኔና አንቺ እናውቀዋለን።

በፊተኛው ደብዳቤሽ «ስለ እኔ ያነሳል ወይ?» ብለሽ ነበር። አያነሳም። ሳህንሽን ግን ማንም እንዳይበላበት ከልክሏል። ሰድቦም ቢሆን ቢያነሳሽ ይሻለኝ ነበር።

ብዥ ያልሽ ሁኚ፣ ልጄ። ብዥ እንዳልሽ ቆዪልኝ።

እማማ

*

ሚያዝያ 11

ውድ እማማ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ።

ፊልሙ አልቆ ለሠራተኞቹ ሁሉ አሳዩን። አልሄድም ብዬ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ «ጥላሽን እንኳ ማየት አያምርሽም?» ብላ ወሰደችኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አምሮኝም ነበር። አጃቢዎቹ ሁሉ የኋለኛው ወንበር ላይ ተደርድረን «ያው እኔ! ያው ጫማዬ!» እያልን እንስቅ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ተሠልፎ የታየው ባርኔጣው ብቻ ነው። ስንስቅ ቆይተን መጠበቂያ ክፍሉ መጣ።

በሩ ተወረወረ። ተዋናዩን አያሳዩም፣ እማማ። እኔን ነው የሚያሳዩት። ግድግዳውን የሚያህል ፊት። ጉንጬ ላይ ያለው ማድያት ሳይቀር። ያችኑ የመጀመሪያዋን፣ ጥለዋታል ያልኳትን ነው አጉልተው ያስገቡት። ክርኔ ይነሳል፣ አገጬ ይገባል፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ክርኔ ሥር ዓይኔን ከፍቼ በሩን አያለሁ። ድምፅ የለም። ሌላው ሁሉ ተቆርጦ እኔ ብቻ እዚያ ቀርቻለሁ። አጠገቤ የነበሩት መሳቃቸውን አቆሙ። ፀጉር ሠሪዋ እጄን ያዘችኝ፤ ያልነገርኳትን ግማሹን ያኔ ያወቀችው ይመስለኛል።

ሲያልቅ አዘጋጁ መጥቶ አቀፈኝ። «እንዴት አድርገሽ ነው ያመጣሽው?» አለኝ። «ይቁረጡልኝ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ለመንኩት። «ሰው የሚያየኝ አለ፤ ማየት የሌለበት» አልኩት። ያኔ ሳቁ ጠፋ፤ ግን «እህቴ፣ ፊልሙ ለየከተማው ተልኳል፤ ከእጄ ወጥቷል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ያዘነ ይመስላል። ማዘኑ ምን ያደርግልኛል?

ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ እቀያይራለሁ። ትናንት አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ «አንቺን የት ነው የማውቅሽ?» አለችኝ። ሳልደርስ ወረድኩ።

እዚያ ይመጣ እንደሆነ ይከታተሉልኝ። ምናልባት አይመጣም። ምናልባት ያን ሰሞን ድምፅ ማጉያው ደህና ይሆናል።

ልጅዎ

*

ግንቦት 3

ድንቢጤ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። መጣ።

ማስታወቂያውን አዳራሹ በር ላይ ሲለጥፉ አየሁ። ቤት ገብቼ «ፊልም ማየት አምሮኛል፤ ይዘኸኝ ሂድ» አልኩት። ገርሞት አየኝ። ስንት ዘመን ማታ ከቤት የማልወጣ ሴት። ብቻውን እንዲያይ አልፈለግሁም። አጠገቡ ብሆን አንድ ነገር ማድረግ የምችል መስሎኝ ነው። ራሴን ስቼ ልውደቅ፣ ልጩህ፣ አላውቅም። እናት መቼም ሞኝ ናት።

የምትመጪበትን ስላላወቅሁ መብራት ከጠፋ ጀምሮ የማየው ፊልሙን ሳይሆን የእሱን ጉንጭ ነበር። በመጨረሻ በሩ ሲወረወር ሰማሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ይቺ እንኳ አስመስላ እየሠራች አይደለም፤ ታውቀዋለች» አለች። እሱ መጀመሪያ አላወቀሽም። ፊትሽን እንደ ማንኛውም ሴት ፊት ነው ያየው። ክርንሽ ሲነሳ ነው ወደፊት ያዘነበለው። ራሴን ልስት ነበር ያልኩሽ፤ እግሬም ምላሴም አልታዘዘኝም።

እሱ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አነበበ። ሰው ሲወጣ «ቆዪኝ፣ ድምፁን ላስተካክል» ብሎ ወደ ማሳያው ክፍል ወጣ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ግድግዳው እንደገና በራ። አንቺ ነሽ። ወደ ኋላ መልሶ አቆመሽ። ክርንሽን እንዳነሳሽ፣ በአንድ ዓይንሽ እያየሽኝ። እኔና አንቺ እንዲያ ተፋጥጠን ስንት እንደቆየን እንጃ። ከላይ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳሽ ይሰማኛል።

ቤት ስንገባ «እማዬ፣ አላወቅሻትም?» አለኝ። «የቷን?» አልኩት። «ዓይንሽ ደክሟል ማለት ነው» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በለሆሳስ ነው የሚናገረው። በለሆሳስ ሲናገር ታውቂዋለሽ።

ፎቶው ስልኩ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ነገር አስቤያለሁ፤ ከሆነልኝ እጽፍልሻለሁ።

እማማ

*

ግንቦት 14

ድንቢጥ

ወድቄ ቀኝ እጄ ተጎድቷል። በግራዬ ነው የምጽፈው። እሱ ወደዚያ ተነሥቷል። ከምትኖሪበት ውጪ። ሥራም አትሂጂ። አዲሱን አድራሻ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ላኪልኝ። ቶሎ።

እማማ

*

ግንቦት 22

ይህን ለሚያነብ፣

ማን እንደሚያነበው ስለማላውቅ ሰላምታ አላስቀድምም።

በእማማ ስም የተጻፈ አጭር ወረቀት ደርሶኛል። ፊደሉ የእማማ አይደለም። እማማ ፊደል ሲጥሉ እንደ ነርስ ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ በመስመር። ይሄኛው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። የሚጠይቀኝ ደግሞ አዲሱን አድራሻዬን ነው። እውነት እማማ ከሆኑ፣ አልጋ ላይ ሆነው በግራ እጅዎ ተቸግረው የጻፉልኝን ሴት እየጠረጠርኩ ነውና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እማማ ካልሆኑ፣ ከዚህ ደብዳቤ ምንም አያገኙም።

አስተባባሪው ደውሎልኛል። አንድ ሰው ፎቶዬን ይዞ ቢሮው መጥቷል። ወንድሟ ነኝ አለ። «እናታችን በሞት አፋፍ ላይ ናት፤ ዓይኗን ሳታይ አትሞትም» አለ። «አለቀሰ እኮ፤ ጎልማሳ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በላው። አድራሻሽን ልስጠው?» አለኝ። እኔ እሱ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ሲያለቅስ ግን ይበልጥ እፈራለሁ። እንዳትሰጠው አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እውነት ቢሆንስ? እውነት እየሞቱ ቢሆንስ? አንድ ሰው ውሸታም ስለሆነ እናቱ አትሞትም ማለት አይደለም።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ በሄደበት ሳምንት፣ እማማና እኔ ጓዳውን ዘግተን ነበር። ውሃ ፈልቷል። ጀርባዬን ሰጥቼ ተኝቼ ነበር፤ አልዞርኩም። ያኔ ልጠይቅ ፈልጌ እስከ ዛሬ ያልጠየቅሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልጽፍም። እማማ ከሆኑ ጥያቄውንም መልሱንም ያውቁታል። መልሱ በድሮው አድራሻ ይላክ፤ እኔ እዚያ የለሁም፤ ሰው ያመጣልኛል።

እማማ ከሆኑ፣ እባክዎ አይሙቱብኝ።

*

ሰኔ 2

ሴት ነበረች።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ስለ ጠረጠርሽኝ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ደስ ነው ያለኝ። ተምረሻል ማለት ነው። ያኔ ብትጠረጥሪ ኖሮ እኛ ቤት ባልገባሽም ነበር።

ሴት ነበረች። ወራቷ ገና ነበር፤ መዳፌ ላይ ነው ያረፈችው። አፍንጫዋ ያንቺ ነው። ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስለነበር ካልጠየቅሽኝ አልነግርሽም ብዬ ዝም አልኩ። ነጭ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ጓሮ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት አጥር ሥር ቀበርኳት። ሲመለስ «ብርድ መትቷት ተኝታለች» አልነው። ከመሄዱ በፊት ደረጃው ላይ ሲገፈትርሽ ሁለት ነፍስ እንደነበርሽ ዛሬም አያውቅም። ይህን ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የምጽፍልሽ እኔ ነኝ።

አልሞትኩም። አልወደቅሁምም። ስልኩን ፊቱን ሲታጠብ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነበር፤ አንሥቼ የልብስ መዘፍዘፊያው ሳፋ ውስጥ ከተትኩት። እስኪሞት ድረስ በእጄ ተጫንኩት። ያቺን ፎቶ ያጠፋሁ መስሎኝ። ለካ ቀድሞ ወረቀት ላይ አሳትሟት ኖሯል። መጣና አየኝ፤ አልጮኸም። እጄን ከውሃው ውስጥ ጎትቶ አወጣና ጠመዘዘው። አጥንት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ከሌላ ሰው ስንቴ ሰምቻለሁ፤ ከራስ ሲሰማ ይለያል። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በሩን ወረወረው። ያኔ፣ ድንቢጤ፣ የግራ ክርኔ ተነሣ። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ክርኔን አንሥቼ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ፋርማሲስቷ ናት ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ሐኪሙ እኔው ያዋለድኩት ልጅ ነው። የራጁን ፊልም እያየ «እማማ፣ ይሄ ነገር እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ወደቅሁ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ለአንቺም እንዲያ ብዬ ጻፍኩ፤ የኔ መጎዳት ወደዚህ እንዳይመልስሽ ብዬ። ይህን ቃል ታውቂያለሽ ስንት ሴት ነግራኛለች? ዓይኗ አብጦ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ «ወደቅሁ፣ ሲስተር»። እኔም ወደቀች ብዬ ካርዷ ላይ እጽፋለሁ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ ሲጠብቅ አየሁትና «ልጄ ነው የሰበረኝ» አልኩት። እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ ጻፈው።

ከሐኪም ቤት ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ካለሽበት ከተማ ባዶ እጁን ሲመለስ ከአውቶቡሱ እንደወረደ ያዙት። የሰፈሩ ሰው «ምን ዓይነት እናት ናት» ይላል፤ ይበል። አንዳንዶቹ ሴቶች ግን እቤት ድረስ መጡ። ብዙ አላወሩም። አንዷ «ፊልሙ ላይ ክርኗን ያነሣችው የእርስዎ ምራት ናት አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ተነሥታ የታጠበውን ዕቃ ደርድራልኝ ሄደች።

ትናንት ምሳ ወሰድኩለት። እናት ነኝ፤ ምን ልሁን? በፍርግርጉ በኩል «እማዬ፣ ወደቅሁ ብለሽ ቃልሽን ቀይሪ፤ ዛሬውኑ ቤታችን እንገባለን» አለኝ። በለሆሳስ ነው። ምሳውን በግራዬ ሰጥቼው ወጣሁ። ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ብዙ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አትጠይቂኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ዐቃቤ ሕጉ እንደሚለው ክሱ በእጄ ስብራት ብቻ ከሆነ እስር ቤት ብዙም አይቆይም። የእሱ ጠበቃ «አሮጊት ናቸው፤ ስልኩን ሲቀማ ተሰናክለው ነው» ማለት ጀምሯል። ያንቺን ዘመን መናገር የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። የችሎቱ ቀን ሰኔ ሃያ ስድስት ነው። ነይ አልልሽም። ብትመጪ በአንድ ክፍል ውስጥ ያይሻል፤ ታዪዋለሽ። ቅሪም አልልሽም። ብትቀሪ አልቀየምሽም፤ ይህንን በግራ እጄም ቢሆን አስተካክዬ ጽፌዋለሁ።

እማማ

*

ሰኔ 16

እማማዬ፣

ደብዳቤዎን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። የመጀመሪያዋን ቃል አንብቤ ወረቀቱን አጥፌ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ደብዳቤውን ያመጣችልኝ ፀጉር ሠሪዋ ከውጪ «በሕይወት አሉ?» ትለኛለች። ኋላ «አሉ» አልኳት። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። ያልነገርኳትን ግማሽ ሁሉ ነገርኳት። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ዝም አለች።

እጅዎን ከፍ አድርገው ትራስ ላይ ያሳርፉ። ለእርስዎ ይህንን መንገር ድፍረት ነው፤ ግን ብቻዎን ስለሆኑ እፈራለሁ።

ባለፈው ያልጻፍኩልዎትን ልጻፍ። እሱ ሱቋ ድረስ ገብቶ ነበር። አስተባባሪው አድራሻዬን ባይሰጠውም «ፀጉር ሠሪ ናት ያመጣቻት» የምትል ቃል አምልጣዋለች። ከሱቅ ሱቅ ሲጠይቅ ከርሞ ደረሰባት። እኔ ያኔ መጋረጃው ጀርባ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ ዕቃዬን ልወስድ መጥቼ። ድምፁን ሰማሁት። «ይቅርታ እህት፣ ላስቸግርሽ» ብሎ ነው የገባው። እንዴት ያለ ጨዋ ድምፅ አለው፣ እማማ። ፎቶውን አሳያት። እሷ የደንበኛዋን ፀጉር እያጠበች «እሷን? ለአንድ ቀን ነው የሠራነው፤ ወደ ጠረፍ ከተማ ሄዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው፤ እጇ ከአረፋው ውስጥ አልወጣም። አላመናትም። ቆሞ መጋረጃውን እንደሚያይ ተሰማኝ። ያኔ ታጥባ የጨረሰችው ደንበኛ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ተነሥታ «ወንድም፣ ይሄ የሴቶች ቤት ነው» አለችው። ወጣ። ፎጣው እጄ ላይ ስንቴ እንደታጠፈ ቢያዩት፤ ካሬ ሆኖ አንድ ቁራሽ ሳሙና አክሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ አክስት ቤት ነኝ። ከቤት አልወጣሁም። ሆቴሉ በቦታዬ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ስለ ችሎቱ ብዙ አሰብኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ላለመምጣት ምን ምክንያት እንደምጽፍልዎት ነው። ሦስት አራት መልካም ምክንያት አግኝቼ ነበር። አንዱን ልጽፍ ቁጭ ስል አፍንጫዋ ያንቺ ነው ያሉት ነገር መጣብኝና ብዕሩ አልሄደም። ስም እንኳ አላወጣንላትም። ሰው መሆኗን የምናውቅ እኔና እርስዎ ብቻ ነን፤ እኔ ካልተናገርኩ ብርድ መትቶኝ ተኝቼ ነበር ማለት ነው።

ምን ብዬ እንደምናገር ፀጉር ሠሪዋ ልታለማምደኝ ሞከረች። ወንበር ላይ ወጥታ ዳኛ ሆነች። «ተናገሪ» አለችኝ። ሲያዩኝ አይመጣልኝም። እዚያም ላይመጣልኝ ይችላል። እሱ ጉሮሮውን ቢጠርግ እንኳ ክርኔ ይነሣ ይሆናል፣ ሰው ፊት፣ ዳኛ ፊት። ከተነሣ ይነሣ። ያዩታል።

ሰኔ ሃያ አምስት ከሰዓት በፊት በሚገባው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ፀጉር ሠሪዋም ሱቋን ዘግታ አብራኝ ትመጣለች። መናኸሪያ ድረስ እንዳይደክሙ፤ በእጅዎ ላይ ሰው ይገፋዎታል። በቀጥታ መድኃኒት ቤቱ እንመጣለን። በጣም ፈርቻለሁ፣ እማማ። ከተሳፈርኩ በኋላ ወርጄ ልመለስ እችላለሁ ብዬ በመተላለፊያው በኩል እሷ እንድትቀመጥና እኔን እንድትይዘኝ አስምያታለሁ።

ለፋርማሲስቷ ወንበር እንድታዘጋጅልኝ ይንገሩልኝ። እስከዚያ ድረስ እግሬ ይሸከመኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ልጅዎ